ሎንቼራ ምንድን ነው?

ሎንቼራ በመኪና ላይ የተሠራ ወጥ ቤት ነው። በሎስ አንጀለስ ምሥራቃዊ ሰፈሮች ሲመሽ መንገድ ዳር ቆሞ፣ የጎኑን መስኮት ከፍቶ ታኮ፣ ማለትም በስስ ቂጣ የተያዘ ሥጋ፣ ይሸጣል። ብዙ ሰው «ታኮ ትራክ» ይለዋል፤ ሜክሲኳውያኑ ግን ሎንቼራ ይሉታል። ቃሉ ምሳ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተነሥቶ ወደ ስፓኒሽ የገባ ሲሆን፣ የምሳ ዕቃ ማለትም ነው።

መኪና ይሁን እንጂ ትልቁ ቁም ነገሩ መቆሙ ነው። ጥሩ ሎንቼራ በየምሽቱ እዚያው ቦታው ላይ ይገኛል፤ ከሥራ የሚመለስ ሰው እንደ ጎረቤቱ ቤት ማንንም ሳይጠይቅ ይደርስበታል። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1974 ራውል ማርቲኔዝ የተባለ ሜክሲኳዊ ስደተኛ አሮጌ የአይስክሬም መኪና ወደ ታኮ መሸጫ ለውጦ ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከአንድ መጠጥ ቤት ደጃፍ አቆመ። ዛሬ ብዙ ቅርንጫፎች ያሉት ኪንግ ታኮ የተወለደው ከዚያች መኪና ነው።

በዚያው አቆጣጠር በ2008 የሎስ አንጀለስ ካውንቲ (አውራጃ) አስተዳደር፣ አንድ ቦታ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆም የምግብ መኪና ባለቤት እስከ 1,000 ዶላር ወይም እስከ ስድስት ወር እስራት እንዲቀጣ ሲደነግግ የነካው ይህንኑ መቆም ነበር። ተቃዋሚዎች «ካርኔ አሳዳ ወንጀል አይደለም» ብለው ተነሡ፤ ካርኔ አሳዳ በከሰል የሚጠበስ የበሬ ሥጋ ነው። በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት ደንቡን ውድቅ አደረገው። ደግ አደረገ እላለሁ፤ በየሰዓቱ የሚነሣ ማእድ እንዴት የሰፈር ማእድ ይሆናል?

ከሁሉ በላይ ዐይን የሚይዘው ትሮምፖ ነው። ቅመም የጠጣ ስስ የአሳማ ሥጋ በቆመ ብረት ላይ ተደራርቦ እሳት ፊት ይዞራል፤ ዐናቱ ላይ አናናስ ይሰካል። ጠባሹ የበሰለውን በረጅም ቢላዋ በስሱ እየቆረጠ በሌላ እጁ በያዘው ቶርቲያ፣ ማለትም በስሱ ቂጣ፣ ይቀበላል፤ ከዚያ ቢላዋውን ወደ አናናሱ መለስ ሲያደርገው ቁራጯ ወርዳ ሥጋው ላይ ታርፋለች። ሻዋርማ የሚያውቅ ሰው ዘዴው እንግዳ አይሆንበትም፤ አል ፓስቶር የሚባለው ይህ ጥብስ የሊባኖስ ስደተኞች ሜክሲኮ ይዘውት ከገቡት ሻዋርማ የመጣ ነውና። አሳማ የማይበላ ካርኔ አሳዳ ወይም ፖዮ፣ ማለትም ዶሮ ይዘዝ። ምጣዱ ግን ብዙ ጊዜ የጋራ ስለሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

«ኮን ቶዶ?» ስትባሉ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል ይጨመርበት ወይ ማለት ነው፤ አዎ በሉ። ከበቆሎ የተጋገረው ቶርቲያ ትንሽ ነው፤ የሥጋው መረቅ እንዳይበጥሰው ሁለት ያደርጉታል። ሎሚ ጭመቁበት፣ ሳልሳውን፣ ማለትም የቃሪያውን ማባያ፣ ቀምሳችሁ ጨምሩ። ወንበር ብዙ ጊዜ ስለማይኖር ቆማችሁ፣ ሳህኑን ከአገጫችሁ ሥር ይዛችሁ፣ ታኮውን ሳይሆን አንገታችሁን ዘመም አድርጋችሁ ግመጡ። ሳህኑ ላይ የተንጠባጠበውን በተረፈው ቶርቲያ ጥረጉት።