ዓሣ ጠብሰን እንጂ ፅንሱን አይተን አናውቅም፦ ስለ ዜብራፊሽ የሚባሉ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ስለ ዓሣ ካነሳህ ሁሉም ባለሙያ ነው። ስለ ቆሮሶ፣ ስለ አምባዛ፣ የቱ ቤት አሣምሮ እንደሚጠብስ ይነግሩሃል። ግን «የጀርባ አጥንት ያለው ፍጥረት ከአንድ ሴል እንዴት እንደሚሠራ ዜብራፊሽ በምትባል ዓሣ ፅንስ የሚያጠኑ አሉ» ስትል የሚሰማው ሌላ ነው።

«ለዚህማ ጣና ሞልቶ የለ!»

ጣና የራሱ ሀብት አለው። ባርበስ የሚባሉት ዓሦቹ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ብዙ ዝርያ ሆነው የተለያዩ ናቸው፣ ይሄ ራሱ ትልቅ የሳይንስ ጉዳይ ነው። ግን ብዙዎቹ እንቁላል የሚጥሉት ክረምት ላይ ጉማራን፣ ርብን፣ ግልገል አባይን ሽቅብ ወጥተው ነው፤ ላብራቶሪ ደግሞ ክረምት እስኪገባ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ዜብራፊሽ የጣት ርዝመት የማትሞላ ባለ መስመር ዓሣ ናት፣ አገሯ ደቡብ እስያ ነው። በ3 ወር ገደማ ትደርሳለች፣ ዓመቱን ሙሉ ትጥላለች። ማታ ሴቷንና ወንዱን አንድ ሣጥን ውስጥ ካደረግህ፣ ጠዋት መብራት ሲበራ አንዷ ብቻ እስከ 200 እንቁላል ልትሰጥህ ትችላለች። ፅንሱ ውኃው ውስጥ ስለሚፈጠር የእናትየዋን ሆድ መክፈት የለም። (የገዛ እንቁላላቸውን ይበላሉ፤ ለዚህ ነው እንቁላሉ በወንፊት ሾልኮ ወደ ታች እንዲወርድ የሚደረገው።)

«ዓሣና ሰው ምን አገናኛቸው?»

አከርካሪ፣ አንጎል፣ ዓይን፣ ልብ፣ ደም፣ ኩላሊት። እ.ኤ.አ. በ2013 ሙሉ ዘረመሏ ሲታተም፣ ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ እሷ ዘንድ ቢያንስ አንድ አቻ እንዳላቸው ታየ። ይሄን ይዞ «70 በመቶ ሰው ናት» የሚል አይጠፋም፤ እንደዛ ማለት አይደለም።

እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ የመስመሯን ቀለም ይመለከታል። መስመሯ የደበዘዘ «ጎልደን» የሚባል ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተበላሸው ጂን ተገኘ፤ የሰውን አቻ ጂን መልእክት (ሴሉ ፕሮቲን የሚሠራበትን ኤምአርኤንኤ) ፅንሷ ውስጥ ሲጨምሩ ጥቁረቱ ተመለሰ! ከዚያ በሰው ላይ ሲታይ፣ የዚሁ ጂን ለውጥ በአውሮፓውያንና በአፍሪካውያን ቆዳ መካከል ያለውን ልዩነት በከፊል የሚያስረዳ ሆነ። የተለወጠው ቅጂ እኛ ኢትዮጵያውያን ዘንድም በብዛት አለ።

«ብርጭቆ የምትመስለው በኬሚካል አጽድተዋት ነው»

ፅንሷ በተፈጥሮዋ ጥርት ያለች ናት። ውኃው 28.5 ዲግሪ ከሆነ የመጀመሪያው ሴል በ45 ደቂቃ ገደማ ለሁለት ይከፈላል፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ክፍፍሎች በየ15 ደቂቃው ገደማ ይቀጥላሉ፣ በማግስቱ ዓይንና ጅራት ይታያል፣ ልብም መምታት ይጀምራል፣ ይሄን ሁሉ ሳትነካት በማይክሮስኮፕ ታያለህ። ውኃው ከቀዘቀዘ እድገቱም ይዘገያል። ወሬው የመጣው ምናልባት ከዚህ ነው፦ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ጥቁር ቀለም መውጣት ስለሚጀምር፣ አንዳንዶች ቀለሙ እንዳይሠራ የሚያግድ ኬሚካል ይጨምራሉ። አዋቂዋ ግን ብርጭቆ አይደለችም።

«በቃ፣ አይጥ ከእንግዲህ አያስፈልግም»

ሳንባ የላት፣ የእንግዴ ልጅ የላት፣ ጡት የላት። ልቧም ባለ ሁለት ክፍል ነው። በዚያ ላይ የዓሣዎቹ ቅድመ አያት ዘረመሉ አንዴ ስለተባዛ ለሰው አንድ ጂን እሷ አንዳንዴ ሁለት አላት፤ አንዱን ብታበላሸው ሌላው ይሸፍንለትና ምንም ያልተፈጠረ ይመስልሃል።

«ፅንስ ስለሆነች የፈለጉትን ያደርጓታል»

ግማሽ እውነት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጥበቃው የሚጀምረው ራሷን ችላ መመገብ ስትጀምር ነው፣ በተለመደው ሙቀት 5ኛው ቀን አካባቢ ማለት ነው። ብዙ ሙከራዎች ከዚያ በፊት የሚያልቁበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው። ከዚያ ያለፈ ሰው ፈቃድ ያወጣል።