«ዋሽንግተን» ምንድን ነው? ከመንደር ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ከተማ የተሻገረ ስም

ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ሐበሻ የከተማዋን ባንዲራ ሳያይ ውሎ አያድርም። ነጭ ጨርቅ ላይ ሁለት ቀይ መስመር፣ ከላያቸው ሦስት ቀይ ኮከብ ነው። ከአሜሪካ ባንዲራ ቀንሰው የሠሩት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርኩ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከተማዋ ባንዲራውን የያዘችው በ1938 ሲሆን (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሥዕሉ የተቀዳው ዋሽንግተን ከሚባል አንድ እንግሊዛዊ ቤተሰብ ዓርማ ነው። አሜሪካ የምትባል አገር ሳትታሰብ በፊት፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሰሜን እንግሊዝ የሴልቢ ገዳም የመስኮት መስታወት ላይ ተሥሎ ነበር።

ታዲያ ዋሽንግተን ምንድን ነው? መጀመሪያ የመንደር ስም ነው። ከመንደሩ ወደ ባለ ጉልቱ ተላለፈ፣ ከባለ ጉልቱ ወደ ልጆቹ፣ ከልጅ ልጆቹ ወደ አንዱ ጄኔራል፣ ከጄኔራሉ ደግሞ ወደ ከተማዋና በደም ምንም ወደማይገናኙት ብዙ ሺህ ሰዎች።

ይህን ለመረዳት የእንግሊዞች የቤተሰብ ስም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ስም በየትውልዱ ይንሸራተታል፤ የከበደ ልጅ ከበደን ይዞ ይሄዳል፣ የልጁ ልጅ ደግሞ ከበደን አያት አድርጎ ወደ ኋላ ይተወዋል። ለዚህ ነው ፎርም ላይ «ላስት ኔም» የምትለዋ ሣጥን ስትመጣ ብዕራችን የሚቆመው። አባትና ልጅ አንድ ቤት እየኖሩ በወረቀት ላይ ሁለት ቤተሰብ ሲሆኑ ያላየ የውጭ አገር ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። እንግሊዞችም ድሮ ከእኛ ብዙ አይርቁም ነበር። ጆንሰን ማለት የጆን ልጅ ማለት ነው፤ በቃ። ልዩነቱ የእነሱ ስም አንድ ቀን ላይ ቆሞ መቅረቱ ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ መሬት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ስሙም አብሮ መተላለፍ ጀመረ፤ ግብር ሰብሳቢውም ሰውን ከሰው የሚለይበት ነገር ፈለገ። እስከ 1400 አካባቢ ድረስ አብዛኛው እንግሊዛዊ የማይቀየር የቤተሰብ ስም ይዞ ነበር። አንዱ ከሥራው ወሰደ፦ ስሚዝ ቀጥቃጭ፣ ቤከር ዳቦ ጋጋሪ፣ ቴይለር ልብስ ሰፊ ነው። ሌላው ከመልኩ፣ ሌላው ከአባቱ። ብዙው ደግሞ ከቦታ። ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ስም ሊንከንም ክሊንተንም የእንግሊዝ ቦታዎች ናቸው።

ከቦታ የተወሰደ ስም አንድ ጠባይ አለው። ሰው በገዛ መንደሩ በመንደሩ ስም አይጠራም፤ ጎጃም ላይ ሁሉም ጎጃሜ ስለሆነ «ጎጃሜው» የሚባል ሰው የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። እንግሊዝም ውስጥ ተራው ሰው የመንደሩን ስም የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከመንደሩ ሲወጣ ነበር። ባለ መሬቱ ግን በተቃራኒው ነው፦ ስሙን የሚያገኘው ሲገባ ነው።

ይህን ስም ያመጣው ሰው ሁለቱንም በአንድ ሕይወቱ አይቷል። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የደርሃም ኤጲስ ቆጶስ በ1183 የርስቱንና የግብሩን መዝገብ አስጽፎ ነበር፤ ቦልደን ቡክ ይባላል። እዚያ ላይ ዊልያም የሚባል ሰው ሃርትበርን የተባለ መሬቱን ለቅቆ በለውጡ ዌሲንግተን (የዛሬው ዋሽንግተን) የተባለውን መንደር እንደያዘ ሰፍሯል። መዝገቡ የሚጠራው ገና «ዊልያም ዘሃርትበርን» ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሰውየው ዘዌሲንግተን ሆነ፤ አዲሱ መሬት አሮጌውን ስም አስጣለው። ዊልያም መሬቱን ባይለውጥ ኖሮ ዛሬ የአሜሪካ ዋና ከተማ ሃርትበርን ትባል ነበር ብሎ ማሰብ ያስቃል።

የመንደሩ ስም ራሱ ከዊልያም በብዙ ይቀድማል። ሊቃውንቱ የሚተነትኑት በጥንታዊው እንግሊዝኛ ነው፦ ህዋሳ የሚባል ሰው ነበር፣ «ኢንግ» ከእርሱ ጋር የተያያዘ መሆንን ያሳያል፣ «ቱን» ደግሞ ቅጥር፣ እርሻ፣ መንደር ነው። የህዋሳ ሰፈር እንደማለት። (ሐዋሳን ያስታውሳል፤ ዝምድና ግን የላቸውም፤ ማንም ተነስቶ ዋሽንግተን ሲዳማ ነው እንዳይል።) ያችኛዋ «ቱን» እግር ኳስ ለሚከታተል እንግዳ አይደለችም፤ ኤቨርተን፣ ቦልተን፣ ፕሬስተን ሲባል መጨረሻ ላይ ያለችው እርሷው ናት። ፕሬስተን የቄሶች መንደር፣ ኤቨርተን ደግሞ የዱር አሳማ መንደር መሆኑን ለሊቨርፑል ደጋፊ ወዳጆቼ በደስታ ነግሬያለሁ።

የቤተሰቡ ዋና ግንድ እዚያው ደርሃም ብዙ አልቆየም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ርስቱን ሴት ልጅ ወረሰችው፤ ሴት አግብታ የባሏን ስም ስለምትይዝ መሬቱ ለዘር ቢቀርም ስሙ ከቤቱ ወጣ። ስሙን ያተረፉት ቀደም ብለው ወደ ሌላ የእንግሊዝ ክፍል የሄዱት ቅርንጫፎች ናቸው። አንደኛው ወደ ምዕራብ፣ ላንካሻየር ዋርተን ወረደ። ከዚያ የወጣ ሎሬንስ ዋሽንግተን የሚባል የሱፍ ነጋዴ ወደ ደቡብ ሄዶ የኖርዝሃምፕተን ከንቲባ ሆነ፤ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ዘግቶ መሬታቸውን ሲቸረችር ሰልግሬቭ የተባለውን ርስት በ1539 ገዛ። የገዳም መሬት የገዛ ቤተሰብ በመቶ ዓመት ውስጥ ቄስ አወጣ፤ ያውም ችግር ያገኘው ቄስ።

ይህ ቄስ፣ እርሱም ሎሬንስ ነው (ቤተሰቡ ለልጆቹ ስም ሲያወጣ ብዙ አልተጨነቀም)፣ ኦክስፎርድ ተምሮ ኤሴክስ ውስጥ ፐርሊ የተባለ ደብር አስተዳዳሪ ሆነ። በንጉሡና በፓርላማው መካከል ጦርነት ሲነሳ የንጉሥ ወገን ተባለና በ1643 ከደብሩ ተባረረ። የክሱ ቃል መጠጥ ቤት ያዘወትራል የሚል ነበር። እውነት ይሁን የፖለቲካ ጥላሸት፣ ቤተሰቡ ደኸየ።

ልጁ ጆን መሬትም ደብርም የሚወርስበት ተስፋ ስላልነበረው ንግድ ገባ። «ሲ ሆርስ ኦፍ ለንደን» የምትባል መርከብ ላይ ተቀጥሮ ትምባሆ ሊያመጣ ወደ ቨርጂኒያ ተጓዘ። በ1657 መጀመሪያ መርከቧ ትምባሆ ጭና ልትመለስ ስትል ፖቶማክ ወንዝ ላይ ማዕበል መታት፤ አሸዋ ላይ ተቀረቀረች፣ ጭነቱም ተበላሸ። ጆን መርከቧን ለመጠገን ሲረዳ ከረመ፣ ከዚያ ግን አልተመለሰም። አን ፖፕ የምትባል የባለጸጋ ልጅ አገባ፤ አማቱ 700 ኤከር መሬት ሰጡት። ሊነግድ ወጥቶ በዚያው ቀለጠ፤ ለእኛ ሰው ብዙ ማስረዳት የሚፈልግ ታሪክ አይመስለኝም።

የዚህ የጆን የልጅ ልጅ ልጅ ነው ጆርጅ ዋሽንግተን፣ በ1732 የተወለደው። ስሙን ዓለም ያወቀው በእርሱ ነው፣ እርሱ ግን አንድም ልጅ አልወለደም። የወንድሞቹ ልጆች ስሙን ይዘው ቀጥለዋል። ብዙዎቹ የዛሬ ዋሽንግተኖች ግን የመጡት ከዚያ በኩል አይደለም።

ጆርጅ በ1799 ሲሞት ማውንት ቨርነን እርሻው ላይ 317 ባሪያዎች ነበሩ፤ 123ቱ የራሱ ሲሆኑ በኑዛዜው ነፃ እንዲወጡ አዟል። አንዱ ግን ኑዛዜ ሳይጠብቅ ቀድሞ ሄዷል። ሃሪ ይባላል፤ ጋምቢያ አካባቢ ተወልዶ በባርነት ተሸጦ ነው ማውንት ቨርነን የደረሰው። ጌታው ለነፃነት ሲዋጋ እርሱ በ1776 አምልጦ ወደ እንግሊዞች ጦር ገባ። በ1783 እንግሊዞች ተሸንፈው ከኒውዮርክ ሲወጡ የሚሳፈሩትን ጥቁሮች መዝግበዋል፤ መዝገቡ ላይ ሃሪ ዋሽንግተን፣ 43 ዓመት፣ ቀድሞ የጄኔራል ዋሽንግተን የነበረ፣ ከ7 ዓመት በፊት ጥሎት የሄደ ተብሎ ተጽፏል። በዛሬዋ ካናዳ ወዳለችው ኖቫ ስኮሺያ ሄደ፤ በ1792 ደግሞ ወደ ሴራሊዮን ተሻገረ። እዚያም በ1800 በቅኝ አስተዳደሩ ላይ ከተነሱት ሰዎች ጋር ተገኝቶ ከፍሪታውን ተባረረ። በደርሃም ኤጲስ ቆጶስ መዝገብ የጀመረው ስም ምዕራብ አፍሪካ የገባው አምልጦ በወጣ፣ ደግሞም ባመፀ ሰው ነው። ከታሪኩ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው።

ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ደግሞ ስሙን እንዴት እንዳገኘ ራሱ ጽፏል። ቨርጂኒያ ውስጥ ባሪያ ሆኖ የተወለደ ልጅ ነው። ነፃነት ከመጣ በኋላ ዌስት ቨርጂኒያ ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ ስም ሲጠራ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ስም፣ አንዳንዱም ሦስት ሲናገር ሰማ። እርሱ ያለው ቡከር ብቻ ነው። ተራው እስኪደርስ ልቡ መታ፤ ሲደርስ ግን ረጋ ብሎ «ቡከር ዋሽንግተን» አለ። የእንጀራ አባቱ ዋሽንግተን ፈርግሰን ይባሉ ነበርና የእርሳቸውን የመጀመሪያ ስም ወስዶ የቤተሰብ ስም አደረገው፤ ሳያስበው የሠራው እኛ የምንሠራውን ነው። ይህ ልጅ አድጎ በ1881 አላባማ ውስጥ ለጥቁሮች የተከፈተውን የተስኪጊን ትምህርት ቤት ከመሬት አነሳው።

እንደ ቡከር ነፃ የወጡ ብዙዎች ዋሽንግተን የሚለውን ስም ይዘዋል። በ2000 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ይህ የቤተሰብ ስም ያላቸው 163,036 ሰዎች ሲሆኑ 90 በመቶው ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። የፊልም ተዋናዩ ዴንዘል ዋሽንግተን ሲባል እንግሊዛዊ ባለ ጉልት በአሳባችን የማይመጣውም ለዚህ ነው።

የእንግሊዙ መንደር ዛሬም አለ። በ1964 መንግሥት አዲስ ከተማ እንዲሠራበት ወስኖ አካባቢው በፋብሪካና በመኖሪያ ቤት ተሞላ፤ አሮጌው መንደር መሐል ላይ ቀረ። የቤተሰቡ የጥንት ቤትም ሊፈርስ ሲል በ1930ዎቹ የአካባቢው ሰዎች ተረባርበው አትርፈውታል። በግንቦት 1977 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ወደዚያ ሄደው በመንደሩ ሜዳ ላይ ዛፍ ተክለዋል። የመጡት ከዋሽንግተን፣ የደረሱትም ዋሽንግተን ነው።