ተስፈኛ ካቸር ሰጥቶ ሪሊቨር መግዛት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤዝቦል ለማይከታተል አንባቢ አስቀድሜ ጥቂት ቃላት ላስተዋውቅ። ኳሷን የሚወረውረው ፒቸር ነው። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ጭምብልና የደረት መከላከያ ለብሶ የሚቀበለው ካቸር ነው። ጨዋታውን የጀመረው ፒቸር ሲደክም የሚተኩት ሪሊቨር ይባላሉ። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ አለው፤ በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለቱ ቡድኖች ሦስት ሰው እስኪወጣባቸው ድረስ በየተራ ይመታሉ፤ መጨረሻውን እንዲዘጋ የሚላከው ሪሊቨር ክሎዘር ነው። ይህን ከያዛችሁ ሌላው አያስቸግርም። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ጁላይ 19 ቀን 2018 የአሜሪካው ክለብ ክሊቭላንድ ፍራንሲስኮ ሜሂያ የሚባል የ22 ዓመት ዶሚኒካዊ ካቸር ለሌላው ክለብ ለሳን ዲዬጎ ሰጠ። በምትኩ ብራድ ሃንድ እና አዳም ሲምበር የሚባሉ ሁለት ሪሊቨሮች ወሰደ። ሜሂያ ያኔ የክለቡ ቁጥር አንድ ተስፈኛ፣ ማለትም ገና ብዙ የሚጠበቅበት ወጣት፣ ነበር። አንድ የክሊቭላንድ ደጋፊ ጓደኛ አለኝ። ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር ይህችን ልውውጥ ሳያነሳ አይሄድም። "ልጁን በሁለት ተቀያሪ ሸጡት!" ይላል፣ የገዛ ወንድሙ የተሸጠ ይመስል። የሚያነሳቸው ክርክሮች የእሱ ብቻ አይደሉም፤ እንዲህ ዓይነት ልውውጥ በተሰማ ቁጥር ከየአቅጣጫው የሚሰሙ ናቸው። እስቲ እንያቸው።

"ስድስት ዓመት ሰጥተን ሁለት ወር ገዛን"

የስድስት ዓመቱ ስሌት ከሕጉ የመጣ ነው። አንድ ተጫዋች በትልቁ ሊግ ስድስት ዓመት እስኪያገለግል ድረስ በክለቡ እጅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ ደግሞ የሚከፈለው ከዝቅተኛው ደመወዝ ብዙም አይርቅም። በ2018 ይህ ደመወዝ 545,000 ዶላር ነበር። ለእኔና ለእናንተ ብዙ ነው፤ በዚያ ሰፈር ግን ርካሽ ጉልበት ነው።

የሁለት ወሩ ስሌትም ከባዶ አልመጣም። በጁላይ የሚገዙ ብዙ ሪሊቨሮች ውላቸው በዚያው ዓመት ያልቃል። ኦክቶበር ላይ ደህና ሁኑ ብለው ይሄዳሉ።

ሃንድ ግን እንደዚያ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ የ3 ዓመት፣ የ19.75 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል። በላዩ ላይ ክለቡ ከፈለገ 2021ን በ10 ሚሊዮን የመጨመር መብት ነበረው። ሲምበር ደግሞ፣ ያ እጁን ወደ መሬት አውርዶ ከጎን የሚወረውረው፣ በትልቁ ሊግ ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ነበር። ስለዚህ ክሊቭላንድ የገዛው ሁለት ወር ሳይሆን ዓመታት ነው።

ጓደኛዬ ሁሌ የሚዘላት ነገር እዚህ አለች። የክሊቭላንድ ሁለት ዋና ሪሊቨሮች፣ ኮዲ አለን እና አንድሩ ሚለር፣ ውላቸው የሚያበቃው በዚያው በ2018 መጨረሻ ነበር። ሁለቱም ሄዱ። ሃንድ በ2019 ክሎዘር ሆኖ 34 ጨዋታ ዘጋ። ክለቡ በጁላይ የገዛው የሚቀጥለውን ዓመት በር ዘጊ ጭምር ነው።

"እንዲህ የሚመታ ካቸር ከየት ይገኛል?"

በዚህ ላይ ጓደኛዬን አልፈርድበትም። ሜሂያ በ2016 በታችኛው ሊግ፣ በሁለት ቡድን ተከፋፍሎ፣ 50 ተከታታይ ጨዋታ ሳይመታ አልወጣም። ሃምሳ! በግራም በቀኝም ይመታል። ክንዱም መድፍ ነው።

ግን ካቸር በአንድ ጨዋታ ምን እንደሚሠራ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከመቶ በላይ ኳስ ይቀበላል። ለእያንዳንዷ ቁጢጥ ይላል። በ2018 ምልክት የሚሰጠው ገና በጣት ነበር፤ በጭኖቹ መሃል ጣቶቹን ደብቆ ለፒቸሩ የትኛዋን ኳስ እንደሚወረውር ያሳያል። ኳሷ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ትመጣለች። ጠርዝ ላይ ያረፈችውን ኳስ እጁን ሳያወራጭ ጸጥ አድርጎ ከያዛት ዳኛው ለፒቸሩ ሊፈርድ ይችላል። ጓንቱ ከተንቀጠቀጠ ያችው ኳስ ለመቺው ትሆናለች። መሬት የነካችዋን በደረቱ ይመክታል። ሯጭ ሁለተኛውን ቤዝ (ሯጮች ተራ በተራ ከሚረግጧቸው ማረፊያዎች አንዱን) ሊሰርቅ ከተነሳ ደግሞ ከቁጢጡ ብድግ ብሎ 39 ሜትር ገደማ ይወረውራል። ኳሷ ጓንቱን ከነካችበት እስከ ቤዙ ድረስ ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ነው ዱላ ይዞ "ምታ" የሚባለው።

ካቸርነት ሁለት ሥራ ነው ማለት ነው። ዋጋውም የሚቆመው ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው። ጥሩ የሚመታ ካቸር ብርቅ ነው። ያው ሰው ጓንት ቀይሮ አውትፊልድ፣ የሜዳው ሩቅ ጫፍ ላይ፣ ከቆመ ግን ምቱ እንደ ማንም ይሆናል፤ እዚያ የሚመታ ሰው ሞልቷል። ክሊቭላንድ በ2017 መጸው ሜሂያን አሪዞና ልኮ ሦስተኛ ቤዝ አጫውቶታል። በ2018 ደግሞ አውትፊልድ ላይ አቆመው። አንዱ ምክንያት ከፊቱ ካቸሮቹ ያን ጎምስ እና ሮቤርቶ ፔሬዝ መኖራቸው ነው። ግን አንድ ቤት ልጁ ታላቅ ካቸር እንደሚሆን እርግጠኛ ከሆነ ሌላ ጓንት የሚያስሞክረው በስንት መከራ ነው። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ አትያዙብኝ።

ከዚያስ? ሳን ዲዬጎ በሴፕቴምበር 2018 አሰለፈው። በአንድ ጨዋታ ሁለት ሆም ረን መታ፤ ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ አሻገራት ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ቴክሳስ ላይ ቤዞቹ ሁሉ ሞልተው ሆም ረን መትቶ ጨዋታውን በዚያው ጨረሰው። ጓደኛዬ በዚያ ምሽት ደውሎልኝ ነበር። ስልኩን ማንሳቴ ነው ጥፋቴ።

በ2019 ግን 79 ጨዋታ፣ በ2020 ደግሞ 17 ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ። በዲሴምበር 2020 ሳን ዲዬጎ ፒቸሩን ብሌክ ስኔልን ሲገዛ ሜሂያን ከሌሎች ጋር ወደ ታምፓ ቤይ ላከው። እዚያም ሦስት ዓመት ቆየ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በአንድ ዓመት 100 ጨዋታ ሞልቶ አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለተስፈኛ ካቸር የተተረተ ይመስላል። ላሟ የለችም ማለቴ አይደለም። ወተቷ እጅ እስኪገባ ግን ብዙ ዓመት ያልፋል፣ አንዳንዴም አይገባም።

"በድንጋጤ ነው የሸጡት"

ይህን እንኳ ተዉት። ክሊቭላንድ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጁላይ 2016 መጨረሻ፣ ሜሂያን ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር አድርጎ ለሚልዋኪ ሊሰጥ ተስማምቶ ነበር። በምትኩ የሚመጣው ነባሩ ካቸር ጆናታን ሉክሮይ ነው። ሉክሮይ በውሉ ላይ እምቢ የማለት መብት ነበረውና እምቢ አለ። ሜሂያ የቀረው በሉክሮይ እምቢታ ነው። ልጁ ሃምሳውን ጨዋታ ሊሞላ ሲቃረብ ስሙ ገበያ ላይ ነበር።

"ሪሊቨር ምን ይሠራል? ከ20 አንድ እጅ"

ቁጥሩ ትክክል ነው። ቡድኑ በዓመት 162 ጨዋታ፣ ወደ 1,450 ኢኒንግ ይጫወታል። ጎበዝ ሪሊቨር ከዚያ ውስጥ 70 ቢወረውር ነው። ከ20 አንድ እጅ ያህል።

ስህተቱ ኢኒንጎቹን ሁሉ እኩል መቁጠሩ ላይ ነው። ኦክቶበር 28 ቀን 2016፣ ቺካጎ፣ የዋንጫው ሦስተኛ ጨዋታ። ዜሮ ለዜሮ። አምስተኛው ኢኒንግ ላይ ቤዝ ላይ ሯጭ አለ፣ ሁለት ሰው ወጥቷል። የክሊቭላንድ አሠልጣኝ ቴሪ ፍራንኮና ዘጠነኛውን አልጠበቀም፤ አንድሩ ሚለርን ያኔውኑ ጠራው። የመጀመሪያው መቺ የመታት ኳስ በቀኝ በኩል በአየር ተያዘች፣ አደጋው አለፈ። በስድስተኛው ሚለር ሦስት ሰው ተራ በተራ በስትራይክ፣ ማለትም ኳሷን ሳያስመታ፣ አስወጣ። በሰባተኛው ክሊቭላንድ አንድ ነጥብ አገኘ። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ። ከዚያ በፊት በነበረው ዙር ቶሮንቶ ላይ በ7 ከ2/3 ኢኒንግ 14 ሰው በስትራይክ አስወጥቶ የዙሩ ኮከብ ተብሎ ነበር። ክሊቭላንድ ሚለርን ከኒው ዮርክ የገዛው አራት ተስፈኞች ሰጥቶ ነው፤ ሉክሮይ እምቢ ባለበት በዚያው ሰሞን።

ይህን ስል ሪሊቨር ተአምር ነው እያልኩ አይደለም። በዚያው ዋንጫ ሰባተኛ ጨዋታ ሚለር ላይ ሆም ረን የመታው ዴቪድ ሮስ ነው፤ ሊሰናበት የደረሰ የ39 ዓመት ካቸር። ክሊቭላንድ በአሥረኛው ኢኒንግ 8 ለ 7 ተሸነፈ። ጥቂት ኢኒንግ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ያው ጥቂት ኢኒንግ ይከዳል። ለዚህ ነው ለሪሊቨር ዋጋ ማውጣት አስቸጋሪ የሚሆነው።

"ሲያትል የደረሰባትን አላያችሁም?"

ይህችን ታሪክ ሁሉም ያውቃታል፣ ሁሉም በየፊናው ይተረጉማታል። ጁላይ 31 ቀን 1997 የዓመቱ የልውውጥ ማብቂያ ቀን ነበር። ሲያትል ሪሊቨር ቸግሮታል። ተስፈኛ ካቸሩን ጄሰን ቫሪቴክን፣ ከፒቸሩ ዴሬክ ሎው ጋር ጨምሮ፣ ለቦስተን ሰጠ። ያገኘው ሂትክሊፍ ስሎከምን ነው። ቫሪቴክ የቦስተን አምበል ሆነ፣ በ2004 እና በ2007 ዋንጫ አነሳ። ሎው ደግሞ በ2004 ቦስተን ሦስቱን ዙሮች ያለፈባቸውን የመጨረሻ ጨዋታዎች በስሙ አሸነፈ። ሲያትል በ1997 በመጀመሪያው ዙር በባልቲሞር ተሰናበተ።

ብዙ ሰው ከዚህ የሚወስደው "ካቸር አትሽጥ" የሚለውን ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር አያለሁ። ስሎከም ያን ዓመት ሲገዛ ራሱ እየተደበደበ ነበር፤ ያለ አንድ ድል አምስት ጊዜ ተሸንፏል። ሲያትል የገዛው ሰው ድሮውንም ደካማ ነበር፣ የከፈለው ደግሞ ሁለት ልጅ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሃንድ ሲገዛ ግን ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት የኮከቦች ጨዋታ ላይ ተመርጦ የመጣ ሰው ነበር። ሁለቱን ልውውጦች በአንድ ሚዛን መስፈር አይገባም።

"ቤት ውስጥ ካቸር ካለ ሌላው ትርፍ ነው"

ይህ የእነ ጓደኛዬ ተቃራኒ ወገን የሚለው ነው፤ እሱም ይሳሳታል። ሚኒሶታ በ2010 ጆ ማወር ነበረው፤ በ8 ዓመት 184 ሚሊዮን ዶላር የፈረመ፣ የዘመኑ ምርጥ ካቸር። ስለዚህ ተስፈኛው ዊልሰን ራሞስ ትርፍ ተባለ። በጁላይ መጨረሻ ክሎዘሩን ማት ካፕስን ለመግዛት ለዋሽንግተን ተሰጠ። ሚኒሶታ በዚያ ዓመት በኒው ዮርክ ሦስት ለዜሮ ተሸነፈ። ማወር በ2013 ጭንቅላቱ ላይ ተመትቶ ከካቸርነት ወጣ። ራሞስ በ2016 ኮከቦች ጨዋታ ላይ ተመረጠ፣ ያውም በዋሽንግተን ማሊያ። እኛ ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች ቅር አላለንም።

ካቸር በየቀኑ የሚቀጠቀጥ ሰው ነው። ጉልበት፣ ጣት፣ ራስ። "አለን" ማለት የሚቻለው ለዛሬ ነው።

"ዋንጫ ስላልመጣ ልውውጡ ከሰረ"

ክሊቭላንድ በ2018 በመጀመሪያው ዙር በሂውስተን ሦስት ለዜሮ ተጠረገ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2020 ኒው ዮርክን 9 ለ 8 እየመራ ዘጠነኛው ኢኒንግ ገባ፤ ሃንድ መዝጋት አቃተው፣ 10 ለ 9 ተሸንፎ ዓመቱ አለቀ። ጓደኛዬ ይህን ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል።

ግን በዚያው ዓመት በመደበኛው ውድድር ሃንድ 16 ጨዋታ ዘግቶ ከሁሉም ቀዳሚ ነበር። ከዚያ ክለቡ የ10 ሚሊዮኑን አማራጭ ላለመክፈል ስሙን ለሌሎች ክለቦች አቀረበ። የወሰደው አንድም ክለብ የለም፣ ውሉም ተቋረጠ። ሳን ዲዬጎ በበኩሉ ሃንድን በ2016 ማያሚ ሲለቀው ያለ ልውውጥ ነበር ያነሳው። እሱን ነው ከሁለት ዓመት በኋላ በቁጥር አንድ ተስፈኛ የለወጠው። በዚህ ልውውጥ ብልጡ ነጋዴ ማን ነው ብትሉኝ ጣቴን ወደ ሳን ዲዬጎ እቀስራለሁ፣ ሜሂያ ባይሳካለትም።

አሁን ጓደኛዬ መስማት የማይፈልገውን ልንገራችሁ። ሜሂያ ሳን ዲዬጎ ሲደርስ ከፊቱ የቆመው ካቸር ኦስቲን ሄጅስ ነበር። ምቱ ደካማ፣ ጓንቱ ግን የሚያስቀና። በኦገስት 2020 ሳን ዲዬጎ ፒቸሩን ማይክ ክለቪንጀርን ከክሊቭላንድ ሲገዛ ሄጅስን ከሌሎች አምስት ተጫዋቾች ጋር ሰጠ። በ2022 ክሊቭላንድ ምድቡን ሲያሸንፍ ከመቺው ጀርባ ብዙውን ጊዜ ቁጢጥ ብሎ የነበረው እሱ ነው።