ተገዶ መልቀቅ ምንድን ነው?

መልቀቂያውን የጻፈው ሠራተኛው ነው፤ እንዲጽፈው ያደረገው ግን አሠሪው ነው። ተገዶ መልቀቅ የሚባለው ይህ ነው። ማንም "ተባረሃል" አላለም፣ የስንብት ደብዳቤም አልተሰጠም። ግን እዚያ ቢሮ ውስጥ መቆየት አይቻልም። ሰው ሲጠይቅ "ራሱ ነው የለቀቀው" ይባላል፣ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። በሕግ ዓይን ግን ጉዳዩ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ መብቱን ጥሎ ስለሚወጣ ነው ዛሬ የምጽፍበት።

አንድ ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት የሠራች የሒሳብ ሠራተኛ አለች እንበል። አንድ ቀን ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ይመጣላትና "አልፈርምም" ትላለች። አለቃዋ ፊት ለፊት ምንም አይላትም። በሳምንቱ ከክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ትወጣለች። ስብሰባ ሲኖር የሚነግራት ይጠፋል። የሒሳብ ሲስተሙ አላስገባም ይላታል። አይቲ ክፍል ስትሄድ ልጁ መሬት መሬት እያየ "ከላይ ነው የታዘዝኩት" ይላታል። ጥሩ የነበረው የሥራ አፈጻጸም ውጤቷ በአንዴ ያሽቆለቁላል። ጠዋት ገብታ እስከ ማታ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ከሁሉም የሚያመው ደግሞ የባልደረቦቿ ነገር ነው። ትናንት አብረዋት ቡና ይጠጡ የነበሩት፣ አለቃው እንዳያያቸው ብለው መራቅ ይጀምራሉ። እንዲህ እየዋለ ማን ይቆያል?

ሌላው ቤት መልኩ ይለያል። የሦስት ሰው ሥራ ይቆለላል፣ ሰው ፊት ይሰደባል፣ ወይም ያለ በቂ ምክንያት ቤተሰቡን ጥሎ ሩቅ ቅርንጫፍ እንዲሄድ ይታዘዛል። ቆጣ የሚል አለቃ ሁሉ ግን አስገዳጅ አይደለም። ሥራ መጠየቅ፣ ስህተት መንገር፣ ሰዓት ማስከበር የአለቃ ሥራ ነው። እዚህ የምናወራው ሰውየውን ከሥራው ወይም ከክብሩ ስለመነጠል ነው።

ለምን በቀጥታ አያሰናብቱም? ማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት ይጠይቃል፣ ከሌለ ገንዘብ ያስከፍላል። ሰውየው ራሱ ከወጣ ግን ወጪው በእሱ ላይ ይወድቃል። ይህን በትልቁ ያየነው ዛሬ ኦራንጅ በሚባለው የፈረንሳዩ ፍራንስ ቴሌኮም ነው። ኩባንያው ወደ ግል ሲዞር አብዛኛው ሠራተኛ የመንግሥት ሠራተኛነት መብቱን እንደያዘ ስለነበር ማባረር አልተቻለም። አመራሩ ግን በጥቂት ዓመታት 22,000 ሰው እንዲወጣ ፈለገ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዲዲየ ሎምባር እ.ኤ.አ. በ2006 ለኃላፊዎቹ ሲናገር፣ ሰዎቹ በበርም ይሁን በመስኮት እንደሚወጡ ነግሯቸዋል። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን በቴክኒክ ሥራ ያሳለፉ ሰዎች የጥሪ ማዕከል ስልክ እንዲያነሡ ተደረጉ። ዝውውር በዝውውር ላይ መጣ። ፍርድ ቤት ጉዳያቸውን ካየላቸው 39 ሠራተኞች 19ኙ ራሳቸውን አጥፍተዋል፣ 12ቱ ሞክረው ተርፈዋል።

የፓሪስ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ታኅሣሥ ሎምባርንና ሌሎች አመራሮችን ጥፋተኛ አለ። ኩባንያው ላይ የተጣለው 75,000 ዩሮ ነው፤ በወቅቱ ሕጉ የፈቀደው ጣሪያ ይኸው ነበር። ለጠፋው ሕይወት በጣም ያንሳል። ፍርዱ ግን ትልቅ ነገር አረጋግጧል፤ የአገሪቱ ሰበር ሰሚ ችሎትም እ.ኤ.አ. በ2025 ጥር አጽንቶታል። አለቃው ተጎጂውን በአካል ባያውቀውም፣ ሰውን አስጨንቆ የማስወጣት ፖሊሲ ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ መልስ አለው። አንቀጽ 32 ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን የሚያቋርጥባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። አሠሪው ሰብዓዊ ክብሩንና ሞራሉን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመበት፣ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከደረሰበት፣ ለደኅንነቱ አስጊ የሆነ አደጋ እያለ አሠሪው ዝም ካለ፣ ወይም አሠሪው መሠረታዊ ግዴታዎቹን በተደጋጋሚ ካልፈጸመ ይችላል። ባዶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው የሒሳብ ሠራተኛ የምትገባው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። በአንቀጽ 12 መሠረት ለሠራተኛው በውሉ መሠረት ሥራ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነውና። ደመወዝ እየከፈሉ ሥራ መንሳት "ምን ጎደለባት?" የሚባልበት ነገር አይደለም።

ሰዎች መብታቸውን የሚጥሉት ደብዳቤው ላይ ነው። በሰላም ልውጣ ብለው "በግል ጉዳዬ ምክንያት ሥራዬን መልቀቄን እየገለጽኩ፣ ላደረጋችሁልኝ ትብብር አመሰግናለሁ" ይጽፋሉ። ይሉኝታችን ነው፤ በመጥፎ መለያየት አንወድም። ግን ይህን ጽፎ የወጣ ሰው ነገ ፍርድ ቤት ሄዶ "ተገድጄ ነው" ቢል፣ አሠሪው የሚያወጣበት የራሱን ፊርማ ነው። ሕጉ ደግሞ ሠራተኛው የሚያቋርጥበትን ምክንያትና ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ እውነቱን በአጭሩ መጻፍ ነው፦ ከዚህ ቀን ጀምሮ ሥራ አልተሰጠኝም፣ በዚህና በዚህ ቀን በጽሑፍ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም፣ በአንቀጽ 32 መሠረት ውሌን ከዚህ ቀን ጀምሮ አቋርጫለሁ። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቀሪው ላይ ማኅተም አስመቱ።

በዚህ መንገድ የወጣ ሠራተኛ የስንብት ክፍያና ካሳ ያገኛል። የሒሳብ ሠራተኛዋ በወር 12,000 ብር ታገኝ ነበር እንበል። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ስለዚህ 12,000 እና ሦስት ጊዜ 4,000፣ በጠቅላላው 24,000 ብር። በዚህ ላይ የ30 ቀን ደመወዝ ካሳ ሲታከል 36,000 ብር ይሆናል። ምክንያቱ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከሆነ ካሳው የ90 ቀን ደመወዝ ነው። "በግል ጉዳዬ" የምትለዋ ሐረግ ይህን ሁሉ ልትበላ ትችላለች።

ጊዜው ግን አጭር ነው። ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በኋላ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀማችሁበት መብቱ ይቀራል። ምክንያቱን ማስረዳት ካልተቻለም ያለ ማስጠንቀቂያ የወጣ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዙ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ተናዶ በዚያው ቀን ከመውጣት በፊት ሠራተኛ ማኅበር ካለ ማማከር፣ ከሌለም የሕግ ባለሙያ ማነጋገር ያስፈልጋል። የቴሌግራም መልእክቶቹንና ደብዳቤዎቹንም ቀድማችሁ ያዙ፤ ከወጣችሁ በኋላ ማስረጃውን ማግኘት ከባድ ነው።

እስራኤል ላላችሁ ደግሞ፣ የአገሪቱ የእ.ኤ.አ. 1963 የስንብት ክፍያ ሕግ የሥራ ሁኔታው በግልጽ ተበላሽቶበት የለቀቀን ሰው እንደተሰናበተ ይቆጥረዋል።

የእኛ አዋጅ ሁሉንም አያቅፍም። የሥራ መሪዎችና የቤት ሠራተኞች ከሽፋኑ ውጭ ናቸው፤ የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው። የቤት ሠራተኞች መቅረት በተለይ ያሳዝነኛል፤ ከእነሱ በላይ በር ተዘግቶበት የሚሠራ የለም። ለተሸፈነው ሠራተኛ ግን መንገዱ ክፍት ነው። አሠሪው የሥራ ልምድ ደብዳቤውን መያዣ አድርጎ ሊከለክለው አይችልም፤ በነፃ መስጠት ግዴታው ነው። ከሥራ መቋረጥ የሚመጣ ክፍያ የሚጠየቀው በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ሠራተኛው ለሥራ ክርክር ሲከስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።