ሜታል ሰልፋይዶችና ሞገድ ያዘሉ ክሪስታሎቻቸው፦ ከጅማ የተጻፈ ዳሰሳ

ሜታል ሰልፋይድ ማለት ድኝ ከብረታ ብረት ጋር ተዋህዶ የሚሠራው ውህድ ነው። ጅማ ላይ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ቢያንስ አንዱን ያውቀዋል። የብረት ብናኝና የድኝ ዱቄት ተደባልቆ በእሳት ይሞቃል። ጥቁር ነገር ይወጣል፤ ማግኔት አይስበውም። ትምህርቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ያበቃል። ለእኔ ግን ደስ የሚለው ነገር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ብረቱ ጥቂት ሲጎድል ፒሮታይት የሚባለው ማዕድን ይገኛል። ለ8 የድኝ አቶም 7 ብረት ብቻ ያለው ዓይነት አለ። የጎደሉት ቦታዎች እንዲሁ አይበታተኑም፤ ተራ ይይዛሉ። በዚህ ተራ ምክንያት ይህኛውን ማግኔት ይስበዋል! በአንዳንድ ፒሮታይቶች ደግሞ የክፍተቶቹ ተራ ከአቶሞቹ ድርድር ጋር በሙሉ ቁጥር አይገጥምም። ሞገድ ያዘለ ክሪስታል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በመደበኛው ድርድር ላይ የራሱ ርዝመት ያለው ሌላ ሞገድ ያልፍበታል።

ሄርማታ ገበያ ስትሄዱ ሁለት ነጠላ ደርባችሁ ወደ ብርሃን ያዙ። የክሮቹ ክፍተት ትንሽ ከተለያየ በአንዱም ላይ ያልነበረ ሞገድ ይታያችኋል። የእርሳስ ሰልፋይድና የኒዮቢየም ሰልፋይድ ንብርብርም እንደዚያው ነው። እርሳሱ በአንድ አቅጣጫ በየ5.83 አንግስትሮም (አንድ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው) ይደገማል፤ ኒዮቢየሙ በየ3.31። 4 የእርሳስ እርምጃ ወደ 7 የኒዮቢየም እርምጃ ይጠጋል እንጂ አይገጥምም። ለዚህ ነው ቀመሩ ላይ ለ1 የኒዮቢየም ሰልፋይድ 1.14 የእርሳስ ሰልፋይድ ተብሎ የሚጻፈው። አንዱ ንብርብር ሌላውን ስለሚጎትት አቶሞቹ ከቦታቸው በሞገድ መልክ ፈቀቅ ይላሉ። የቦሊቪያው ሲሊንድራይት የተባለ ማዕድንም የማይገጥሙ ንብርብሮች አሉት፤ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ይገኛል።

በአንድ ዓይነት የታንታለም ሰልፋይድ ሞገዱን የሚያመጡት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ሲቀዘቅዝ፣ 180 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 93 ዲግሪ ሴልሺየስ) ገደማ ላይ፣ 13 የታንታለም አቶሞች እየተሰባሰቡ ኮከብ ይሠራሉ። ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙም በአንዴ ይወርዳል።

እነዚህን ክሪስታሎች መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሜታሉና ድኙ ኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ይገባሉ፣ አየሩ ተመጥጦ ይወጣል፣ ቱቦው ይታሸጋል። ቱቦው ውስጥ ኦክስጅን ከተረፈ ውህዱ ይበላሻል። ድኝ በ115 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በ445 ገደማ ይፈላል። ቶሎ ከተሞቀ ትነቱ ቱቦውን ያፈነዳዋል። ስለዚህ ቀስ በቀስ፣ አንዳንዴም ለቀናት ነው የሚሞቀው። ትልቅ ክሪስታል ሲፈለግ ጥቂት አዮዲን ይጨመራል። አዮዲኑ ሜታሉን በጋዝ መልክ ተሸክሞ ወደ ሌላው የቱቦው ጫፍ ያደርሰዋል፣ እዚያ አራግፎ ይመለሳል። ሌላ ቀለል ያለ መንገድም አለ። የሜታል ጨውና ታዮዩሪያ (ድኝ የሚሰጥ ውህድ) ከውሃ ጋር በተዘጋ የብረት ዕቃ ውስጥ በ180 ዲግሪ ገደማ ይበስላሉ። የሚወጣው ደቃቅ ዱቄት ነው። ጅማ ላይ ለሚጀምር ተማሪ ይህኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሞገዱ የሚነበበው በራጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ላውኤና ባልደረቦቹ ራጅ በክሪስታል ሲያሳልፉ ከተጠቀሙባቸው አንዱ ዚንክ ሰልፋይድ ነበር። ሞገድ ባለበት ክሪስታል፣ ራጁ ፊልም ላይ ከሚጥላቸው ዋና ዋና ነጥቦች ጎን ደብዛዛ ትናንሽ ነጥቦች ይወጣሉ። ቦታቸውን ለመግለጽ 3 ቁጥር አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎቹ ደ ቮልፍ፣ ያነርና ያንሰን 4ኛ ልኬት ጨመሩበት። በ3 ልኬት ፈጽሞ የማይደገመው ክሪስታል በ4 ልኬት ሲታይ ያለ ምንም መዛነፍ ይደገማል።