አቧራ የሚስብ የመጋዝ መከለያ ምንድን ነው?

አናቱ ላይ የቱቦ መሰኪያ ያለው የጠረጴዛ ሰርኩላር መጋዝ መከለያ (የዲስኩ ሽፋን) ሁሉ «አቧራ ይስባል» እየተባለ ይሸጣል። መሰኪያ ግን አየር አያንቀሳቅስም። አቧራ የሚስብ መከለያ ማለት ዲስኩ ወደ ላይ የሚወረውረውን ብናኝ በቦታው የሚይዝ፣ ስፋቱም ከቱቦውና ከመሳቢያው ማሽን ጋር የተመጣጠነ ነው።

«ከጠረጴዛው ሥር እየተሳበ የላዩ ምን ያስጨንቃል?» የሚሉ አሉ። አብዛኛው ሰጋቱራ ወደ ታች መሄዱ እውነት ነው። ጥርሶቹ መሃል የቀረው ብናኝ ግን ከዲስኩ ጋር ዞሮ በኋላ በኩል ይወጣና በአናቱ አልፎ ወደ ሠራተኛው ፊት ይወረወራል። 25 ሴንቲ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ፍጥነት በሰከንድ 52 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ከታች ያለ ቱቦ አይመልሰውም። የጣሪያ አሸንዳን አስቡ። ግቢው ውስጥ የፈለገውን ያህል ሰፊ ቦይ ቢቆፈር፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ አሸንዳ ከሌለ ግድግዳው ይበሰብሳል። አሸንዳው ሰፍቶ መውረጃው ከጠበበ ደግሞ በሐምሌ ዝናብ ሞልቶ ይፈሳል።

«ኃይለኛ ቫኪዩም ግዙና ተገላገሉ» የሚለው ምክር የሚሳሳተው እዚህ መውረጃው ላይ ነው። ቫኪዩም በጠባብ ቀዳዳ አጥብቆ ይስባል እንጂ ብዙ አየር አያንቀሳቅስም። ሰጋቱራ ቱቦ ውስጥ እንዳይከማች አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ መሄድ አለበት። በዚህ ፍጥነት 100 ሚሊ ሜትር ቱቦ በሰዓት 565 ሜትር ኩብ ሲያሳልፍ፣ 50 ሚሊ ሜትሩ 141 ብቻ ያሳልፋል፤ ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ መተላለፊያው ሩብ ይሆናልና። ስለዚህ ዲስኩን ተጠግቶ የሚሸፍን ጠባብ መከለያ በቫኪዩም ይሠራል። ከላይ በክንድ የሚንጠለጠለው ሰፊው ግን ብዙ አየር የሚያንቀሳቅስ አቧራ መሳቢያ ማሽን ይፈልጋል።

ሰፊ ጣውላ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ «ንጹሕ ነው» ማለትም ፈተና አይደለም፤ እንጨቱ ራሱ የዲስኩን ሁለት ጎን ዘግቶታል። ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ጭረት የተሠራ ሰሌዳ) ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ላጡና እዩ። የዲስኩ አንድ ጎን ባዶ ስለሚሆን ብናኙ በዚያ በኩል ይረጫል። ሁለቱ የመከለያው ጎኖች ለየብቻ ወደ ጠረጴዛው የሚወርዱ ካልሆኑ ጉድለቱ ያኔ ይታያል። ዙሪያውን ድፍን አድርጎ መዝጋትም አይረዳም፤ የሚገባ አየር ከሌለ የሚወጣም የለም።

ከዲስኩ ኋላ በሚቆመው የመክፈያ ብረት ላይ የሚታሰረው መከለያ፣ ጣውላውን ሳይበጥሱ ቦይ ሲያወጡ መነሳት አለበት፤ በክንድ የሚንጠለጠለው ባለበት ይቆያል። ነገር ግን ቀጭን ልጥ ሲሰነጠቅ ሰፊው መከለያ እንጨቱ ተደግፎት ከሚሄደው መሪ ጋር ይጋጫል። እንጨት ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ እንዳይመታ የሚከላከለው በዋናነት የመክፈያው ብረት ነው፤ መከለያው ቢነሳም ብረቱ ከዲስኩ አናት ዝቅ ብሎ ይቆይ እንጂ አይነሳ።

ማጣሪያውንም እዩ። ቀዳዳው 30 ማይክሮን (0.03 ሚሊ ሜትር) የሆነ የጨርቅ ከረጢት ሳምባ ድረስ የሚገባውን ደቃቅ ብናኝ መልሶ ወደ ክፍሉ ይነፋዋል፤ 1 ማይክሮን የሚይዝ ማጣሪያ ከሌለ ማሽኑን ከቤት ውጭ አድርጉት።