እንደራሴ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ፣ በአንድ የቆየ ሰፈር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቦኖ ዘንድ ወረፋ ይዘን ቆመናል። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነጠላቸውን ጣል አድርገው መጡ። ከኋላዬ የነበሩ አዛውንት «እንደራሴያችን መጡ፣ መንገድ ስጧቸው» አሉ። ጀሪካኑ ላይ ቁጭ ያለ ልጅ ቀና ብሎ «አባባ፣ እንደራሴ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቃቸው። «እንደ እኔ ራሴ ማለት ነው። እኔ ስብሰባው ላይ ባልኖር እሳቸው አሉልኝ» ብለው መለሱለት።

ፍቺው ትክክል ነው። ቃሉ እንደ እና ራሴ ከሚሉት የተሠራ ነው። እኔ በሌለሁበት እኔን ሆኖ የሚቆም ሰው ማለት ነው። ዛሬ «ተወካይ» እና «የምክር ቤት አባል» የሚሉት ስሞች ቦታውን ወስደውበታል። እኔ ግን የድሮውን እወደዋለሁ። «አባል» ስንል ሰውየው የምክር ቤቱ ይመስላል። «እንደራሴ» ስንል ግን የእኛ ነው።

ቃሉ ሲነሳ የእኛ አልነበረም። የቤተ መንግሥት ቃል ነበር። ራስ ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ተባሉ። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አስመራ ላይ የተቀመጠው የንጉሠ ነገሥቱ ሹም ማዕረጉ እንደራሴ ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር እንደራሴ ማለት ያ የማይከሰሰው ንጉሥ ራሱ ደጃችን ድረስ መጣ ማለት ነው።

በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች አቋቋመ። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ ገና ነው ተብሎ ግን እንደራሴዎቹን መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንቱ መረጡለት። በቀጥታ የመምረጥ መብት የመጣው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ያኔም ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ለመወዳደርም ንብረት ያስፈልግ ነበር። ቢሆንም «የሕዝብ እንደራሴ» የሚለው አጠራር ሥር ያዘ። የንጉሡን ቃል ወደ ታች ያወርድ የነበረው ስም የሕዝቡን ቃል ወደ ላይ የሚያወጣ ሆነ። ይሄ መገለባበጥ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ወደ ሰፈራችን እንውረድ። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርን ይዞ መጣ። ቀበሌ የምንለው ከዚያ የበቀለውን ነው። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩ ቤቶችን የሚያስተዳድረው እሱ ነበር። ኅብረት ሱቁም በእሱ ሥር ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ ማሰሪያም ሆነ። ዛሬም አንዳንድ እናቶች «ቀበሌ ይፈልግሻል» ሲባሉ ልባቸው ድንግጥ የሚለው ለዚህ ነው። ቀበሌ ሲባል የሚታያቸው የሚጠራቸው አካል እንጂ እነሱ ሊጠሩት የሚችሉት አይደለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ለመቀየር አስቧል። አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ የመረጠውን ተወካይ እምነት ሲያጣበት ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት በቀበሌ ደረጃ ምክር ቤት፣ አስተዳደርና ማኅበራዊ ፍርድ ቤት አስቀምጧል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ የተቀጠረ ሠራተኛ ነው። አስተዳዳሪው ሥራ አስፈጻሚ ነው። የቀበሌው ምክር ቤት አባል፣ ማለትም እንደራሴው፣ ሁለቱንም አይደለም። ማኅተም የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ ብዙውን ጊዜ ደመወዝም የለውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለው ለሹመኛ ነው። እንደራሴ ሹመኛ አይደለም። ያለው መሣሪያ ጥያቄ ነው። ስብሰባ ላይ ተነስቶ ይጠይቃል። ጥያቄው ቃለ ጉባዔ ላይ እንዲሰፍር ያደርጋል። በሚቀጥለው ስብሰባ «ያ ጉዳይ ከምን ደረሰ?» ይላል። በቃ፣ ሥራው ይሄ ነው። ትንሽ ይመስላል። መምህርቷ ያደረጉትን ስነግራችሁ ግን ትንሽ እንዳልሆነ ታያላችሁ።

ቦኖው ሊዘጋ ነው ተባለ። ምክንያቱ፣ ሰፈሩ የግል መስመር አስገብቷል የሚል ነው። በወረቀት ላይ እውነት ነው፤ ብዙ ግቢ ቧንቧ አለው። ግን ግቢው ውስጥ ያሉት ተከራዮችስ? ባለቤቱ ቧንቧውን ይቆልፋል፣ ወይ በጀሪካን ቆጥሮ ይሸጣል። አረቄ የሚያወጡት፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡት፣ ተማሪዎቹ፣ የቀን ሠራተኞቹ የሚቀዱት ከቦኖው ነው።

መምህርቷ የልጅ ልጃቸውን ደብተር ወሰዱ። ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ጠዋት ቦኖው ዘንድ ቆመው ማን ከየት ግቢ እንደሚመጣ፣ ተከራይ ይሁን ባለቤት፣ ስንት ጀሪካን እንደሚቀዳ ጻፉ። ከዚያ ስብሰባው ላይ ደብተሩን ገልጠው አነበቡ። «የቤት ቁጥር ቆጠራችሁ፣ ሰው ግን አልቆጠራችሁም» ማለታቸውን እዚያ የነበረ ጎረቤቴ ነግሮኛል። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነገ ተነገወዲያ እያለ አመላለሳቸው። እሳቸው የቃለ ጉባዔውን ቅጂ ይዘው ተመላለሱ። ሰው ሰልችቷቸው ይተዉታል ብሎ ነበር። አልተዉትም።

የመጨረሻው መልስ ግማሽ ነበር። ቦኖው አልተዘጋም፤ ግን ጠዋትና ማታ ብቻ እንዲከፈት ተወሰነ።

እንዲህ ያለ ሰው ሁሉንም ነገር ያስተካክላል ብሎ መጠበቅ ግን ልክ አይደለም። የሰፈር ጉዳይ በሙሉ የሰፈር ሥልጣን አይደለም። ውሃው የከተማው ነው። ትራንስፎርመሩ ሲቃጠል በሩ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው፤ መብራት የሚያስተዳድረው እሱ ስለሆነ። ጣና ላይ ሲደረስ ደግሞ ነገሩ ይሰፋል። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ሲወር መጀመሪያ የተጎዱት መረባቸው በአረሙ የተተበተበባቸው ዓሣ አጥማጆችና የግጦሽ መሬታቸው የተያዘባቸው የደንቢያ ገበሬዎች ናቸው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የክልልም፣ የአገርም፣ የዓለምም ነው። ግን ገበሬው የሚያውቀው በር የቀበሌውን ነው። ጎበዝ እንደራሴ የቱን ጥያቄ የቱ በር ላይ እንደሚያንኳኳ ያውቃል። ለከተማው የሚሆነውን ለከተማው ምክር ቤት፣ ለክልል የሚሆነውን ለክልል ያስተላልፋል። ባሕር ዳር ላይ ከንቲባውን የሚመርጠው የከተማው ምክር ቤት ስለሆነ፣ ጥያቄው እዚያ መድረሱ ዋጋ አለው።

ጊዜም ማወቅ አለበት። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ነሐሴ ላይ «ድልድዩ ይሠራልን» ብሎ መጮህ ምሳ ከተበላ በኋላ እንደ መምጣት ነው። ጥያቄው ዕቅድ ሲረቀቅ፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ መግባት አለበት። እናንተም ለእንደራሴያችሁ ጉዳያችሁን በዚያ ጊዜ ንገሩት። በቃል ብቻ አትንገሩት። ጽፋችሁ፣ ጎረቤት አስፈርማችሁ ስጡት። ባዶ እጁን ተነስቶ ከሚናገር ወረቀት ይዞ የሚናገር ይደመጣል። ቤታችሁን ወይ ሰፈራችሁን የሚነካ ፕሮጀክት ሲመጣ ደግሞ ሐሳባችሁን እንድትጠየቁ መብት እንዳላችሁ አስታውሱት፤ አንቀጽ 43 ላይ አለ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ በአገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ መቀመጫ ነበር። ምክር ቤቶቹ ሰፉ፤ ግን መቀመጫው ሁሉ ማለት ይቻላል የአንድ ድርጅት ሆነ። በ2005 ዓ.ም. የተደረገውም እንዲሁ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ይደረጋል የተባለው ተራዘመ። የሰኔ 2013 ምርጫ ሲመጣም የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች አልተካተቱበትም። በ2005 ዓ.ም. 5 ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ መራጭ ለመሆን ደርሷል። አባትህ ስለመረጠልህ እንደራሴህ ነው ሊባል ነው? እንደ ራሴ ለማለት መጀመሪያ ራሴ መምረጥ አለብኝ። የሠፈር ምርጫ ከትልቁ ምርጫ ያነሰ ተደርጎ መታየቱ በጣም ያሳዝነኛል። የፓርላማ አባሌን በቴሌቪዥን አየው ይሆናል። መምህርቷን ግን ሻይ ቤት በር ላይ ይዤ «ያ ነገር ምን ሆነ?» ልላቸው እችላለሁ።

የዚያን ጠዋት ወደ ቦኖው የመጡት ውሃ ለመቅዳት አልነበረም። ጀሪካን አልያዙም። ወረፋው መሃል ቆመው፣ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ውሳኔውን ነገሩን። ጠዋትና ማታ ብቻ እንደሆነ፣ ቀን ቀን የሚቀዱት እንደሚቸገሩ፣ እሱን በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚያነሱት። አንዲት እንጀራ ጋጋሪ «እትዬ፣ እኔ ቀን ነው የማቦካው እኮ» አለቻቸው። ደብተሩን አወጡ፣ እስክሪብቶ ከልጁ ተዋሱ፣ ስንት ጀሪካን እንደሚያስፈልጋትም ጠየቋት።